አይመለከተኝም

በ2009 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ለአንድ ጓደኛዬ የማስተርስ መመረቂያ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቼ ነበር። ቦታው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ብለው ያሉ ቀበሌዎች። ክፍያው በወረቀት ነው፤ አንድ መጠይቅ ሞልተህ ስታስረክብ ይታሰብልሃል። ያኔ ሥራ የለኝም፣ ጫማዬም ደህና ነበር። ሄድኩ።

ጥናቱ ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች ሕመሙን እንዴት ተላምደው እንደሚኖሩ የሚለካ ነው። ሐሳባቸው ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ከሰው ጋር ያላቸው ነገር ምን እንደሚመስል። «መለካት» የሚለው ቃል ያኔ ምንም አልከበደኝም። ጤፍ በቁና ይለካል፣ ትኩሳት በቴርሞሜትር ይለካል፣ ሆድ መባስም ይለካል ካሉኝ የተማሩት ያውቃሉ አልኩ።

ዝሆኔን ጎጃም ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ግን ትንሽ ልበል። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት ገጣጥሞ። ቆላ ላይ በትል የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ፣ የእኛው ግን የደጋው ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቁ ማዕድን በቆዳ ይገባና የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል። እግሩ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ ጣቶቹ መሐል ይሰነጣጠቃል። በየጊዜው ደግሞ ትኩሳትና ሕመም ይነሳና ሰውየውን ለቀናት ያስተኛዋል፤ እሱን ምች ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ይበልጥ ይጋለጣል፤ ለዚህ ነው «በዘር ነው» የሚባለው ወሬ የማይሞተው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛ እንዳለ ይገመታል።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት ሁለት መጠይቆች ናቸው። አንደኛው ኬስለር 10 ይባላል። ባለፉት 30 ቀናት ስለነበረ ጭንቀትና ድብርት 10 ጥያቄ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ አለው። ሁለተኛው ስለ ቆዳ ሕመምና ስለ ኑሮ የሚጠይቅ ነው። እሱም 10 ጥያቄ ነው፣ ግን ስላለፈው አንድ ሳምንት ብቻ፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 3። ሁሉም ሲደመር ከ30 ይታሰባል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኑሮው ተበላሽቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ባለፉት 30 ቀናት ያለ በቂ ምክንያት የድካም ስሜት ምን ያህል ጊዜ ተሰምቶዎታል?»

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አስተካከሉና አዩኝ። «ያለ ምክንያት?»

«አዎ እማማ።»

«ኧረ ልጄ፣ ያለ ምክንያት ማን ይደክመዋል?»

ይሄ እንግዲህ ምን ላይ ይሞላል? በፍጹም አልተሰማኝም የሚለው ላይ አክብቤ አለፍኩ። ልክ ነው፤ ያለ ምክንያት አልደከማቸውም። ወንዙ ቁልቁለት ነው፣ እንስራው ከባድ ነው፣ እግራቸው እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ያልደከማቸው ሴት ሆኑ።

ሌላው ችግር «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እንዴት ነው እንቅልፍ? ይመስገን። ጭንቀትስ? ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጎጃም ላይ ሰው ለእንግዳ «ሞትኩ፣ ተቃጠልኩ» አይልም። ነውር ነው። በዚያ ላይ ማማረር እንደ ማጉረምረም ይቆጠራል፤ ማጉረምረም ደግሞ በፈጣሪ ላይ ነው። «ድብርት» የሚለው ቃልም ለብዙዎቹ የከተማ ቃል ነው። «ሆድዎን ባር ባር ይልዎታል ወይ?» ብዬ የጠየቅኩ ቀን ግን መልሱ ጎረፈ። ያን ማለት አይፈቀድልኝም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል ማንበብ ነው ሥራዬ። አንዳንዴ አደረግኩት። ጓደኛዬ ይሄን ካነበብክ ይቅርታ።

ሕጉ ምክንያት አለው፣ አልክድም። የዚህ ዓይነት መጠይቅ ጉልበቱ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቁ ላይ ነው። እኔ አንዱን በራሴ ቃል፣ ሌላው ሰብሳቢ በራሱ ቃል ከጠየቅን ቁጥሮቹን ማወዳደር አይቻልም። የቆዳውን መጠይቅ ፊንሌይና ካን የሚባሉ ሐኪሞች በ1994 (እ.ኤ.አ.) ነው ያወጡት፣ ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ ከተማ። ጥያቄዎቹን ከጭንቅላታቸው አልፈጠሩም። 120 የቆዳ ሕመምተኞችን «ሕመሙ ኑሮህን ምን አደረገው?» ብለው ጠይቀው፣ ከመልሱ ነው 10 ጥያቄ የሠሩት። ጥሩ አሠራር ነው። ግን ካርዲፍ ያሉት 120 ሰዎች ኑሮ ውስጥ ስፖርት ነበረ። ማኅበር አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄ 6 ስለ ስፖርት ነው። ማቻከል ወረዳ ውስጥ፣ የማገዶ ሸክም አውርደው ገና ላባቸውን ያልጠረጉ ሴት «ቆዳዎ ስፖርት እንዳይሠሩ ምን ያህል አስቸግሮዎታል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። እስኪበቃቸው ሳቁ። ጎረቤታቸውን ጠርተው «ነይ ስሚ» አሏት። እኔም ሳቅኩ። መልስ አልነበረም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መጨረሻ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፦ «አይመለከተኝም»።

ይቺ ሳጥን ናት ነገሩ።

እኛ ሰብሳቢዎቹ እርስ በርሳችን «ጥያቄ ዘጠኝ» የምንለው አለ። ስሙን ስንጠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ የባልና የሚስት ነገር ነው። ወንድ ሰብሳቢ ሆኜ ሴቶችን እሱን ስጠይቅ ዓይኔ ጣሪያው ላይ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጥያቄውን ዝቅ ባለ ድምፅ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ውጭ ዶሮ ይጭራል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አንዱን መደብ አሳዩኝ፤ ቁርበት ብቻ ተነጥፎበታል።

«እኔ እዚህ ነው የምተኛው። እሷ ከልጆቿ ጋር ጓዳ። ሰባት ዓመት አለፈን።»

«ለምን አባባ?»

«ሽታው።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን አየሁት፦ በጣም፣ ብዙ፣ ትንሽ፣ በፍጹም፣ አይመለከተኝም። «የትኛው ልበል?» አልኳቸው። «እኔን አይመለከተኝም ይሄ ነገር፤ ትቼዋለሁ» አሉ። አከበብኩት።

ወር ቆይቶ ጓደኛዬን መረጃውን ኮምፒውተር ላይ በማስገባት አገዝኩት። የነጥብ አሰጣጡን ያኔ ነው ያየሁት። «በፍጹም አላስቸገረኝም» 0 ነው። «አይመለከተኝም»ም 0 ነው። ሽማግሌው ሰባት ዓመት መደብ ላይ ብቻቸውን የተኙት፣ ከሚስቱ ጋር በደስታ ከሚኖር ሰው ጋር እኩል ዜሮ አገኙ። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ትንሽ ቆየሁ። በፊትም የበላዮቻችን «ባዶ ሳጥን እንዳላይ» እያሉ ስለሚጮሁብን፣ ዝም ያለን ሰው ሁሉ «አይመለከተኝም» ውስጥ ከትቼ ነበር። ስንት ዝምታ ዜሮ እንዳደረግኩ አሁንም አላውቀውም።

ችግሩን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች «አይመለከተኝም» ያለ ሰው ነጥቡ ያለ አግባብ እንዳይወርድ የሚያስተካክል ስሌት አውጥተዋል። እኛ ግን ያኔ በድሮው ነው የሠራነው።

አሁን ስለ እታለም ልንገራችሁ።

እታለም አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። ቤተሰቡ በሙሉ እታለም ነው የሚላት። እግሯ ያበጠው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። አንዱ እባብ ረግጣ ነው አለ፣ አንዱ መርገም ነው አለ። እሷ ጸበል ተመላለሰች፣ ምች ሲነሳባት ደግሞ ጨለማ ቤት ውስጥ ተሸፋፍና ትተኛለች። ያ የመስክ ሥራ ሲያልቅ ቤቷ አደርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የተረፈ ወረቀት ነበር፤ ለጥናቱ ሳይሆን ለራሴ፣ ጠየቅኳት።

«ይሄን ያህል ወረቀት ስለ እግሬ?» አለች።

ድምሯ 7 መጣ። በቆዳው መጠይቅ አተረጓጎም ከ6 እስከ 10 ያለው «መካከለኛ ተፅዕኖ» ነው። ለእኔ ግን እታለም መካከለኛ አልነበረችም። ሕመሙ 2፣ ልብሱ 2፤ ሁልጊዜ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ነው የምትለብሰው። ሥራዋን እንዳወከባት 2 ሰጠች። ኀፍረት 1 ብቻ። ገበያስ? «ገበያ ልጄ ነው የምትሄደው፤ እኔን አይመለከተኝም።» ዜሮ። ከሰው ጋር መጫወትስ? «ማን ጋ እሄዳለሁ፤ አይመለከተኝም።» ዜሮ። ሕክምናው ያስቸግራል? ምን ሕክምና። ዜሮ።

ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ ያለ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ በሕመምሽ ምክንያት ከማኅበር ወይም ከዕድር የከለከለሽ አለ?

«የለም። ማን ይከለክለኛል?» አለች። ኮራ ብላ።

እውነቷን ነው። ማንም አልከለከላትም። እታለም የማርያም ማኅበርተኛ ናት። በየወሩ በ21 ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተረኛ ሲደርሳት ጠላውን ትጠምቃለች፣ ድፎውን ትጋግራለች፣ ግን ድግሱ ሌላ እህቷ ቤት ነው የሚሆነው። ማኅበርተኞቹ «እታለም የት አለች?» ሲሉ «ራሷን አሟት» ይባላል። ይሄ ስንት ዓመት ሄደ። ልጇን ሽማግሌ ሊጠይቅ የመጣ ዕለትማ እኔም ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ቆመው ሲያስነግሩ ጓዳ ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እንጀራ የምትሸፍንበትን ጨርቅ እግሯ ላይ ጣል አድርጋ፣ ልጇን ሲሰጡ ከዚያ ሆና ሰማች። ልጅቷ «ዘሯ ዝሆኔ አለበት» እንዳትባል ነው። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እልል አለች፣ ከጓዳ።

የከለከለ ሰው ካለ የሚጠይቅ ወረቀት ይሄን አያገኘውም። ራሱን የከለከለ ሰው «ማንም» ብሎ ነው የሚመልሰው።

በዚያው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣችና እግር ማጠብ አሳየቻት። ምንም ረቂቅ ነገር የለውም። ሳፋ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጠብ የምትል በረኪና፣ ጣት መሐል በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ባንዴጅ፣ ካልሲና ጫማ። ማታ እግር ከፍ አድርጎ መተኛት። ሰው «ይሄ ብቻ?» ይላል። ልክ ይህንኑ ነገር ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በትልቅ ሙከራ ፈትነውት፣ ምች የሚነሳበትን ጊዜ እንደሚቀንስ ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። አያድነውም። ግን ሽታው ይጠፋል፤ ሽታው ሲጠፋ ደግሞ ብዙ ነገር አብሮ ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃ ያፈሰስኩላት እኔ ነኝ። ሳፋው ውስጥ እግሯን ስታስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ አይደለሁም የማዞረው፣ እሷ ናት። የገዛ እግሯን አታይም። ሳሙናውን በእጇ እየዳበሰች ነው የምትቀባው፣ እንደ ዓይነ ስውር። ሦስተኛ ሳምንት ላይ ተመልሼ ስመጣ ጎንበስ ብላ በዓይኗ እያየች የጣቷን መሐል በጨርቅ ጥግ ታደርቃለች። «እይ፣ ይቺ ጣት ተለየች» አለችኝ። ለዓመታት ተጣብቀው የነበሩ ጣቶች ናቸው። እኔ እስከ ዛሬ ካየሁት ልኬት ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል፤ ፊት ወደ ግድግዳ ወይስ ፊት ወደ እግር።

ጫማ ሲመጣ በገበያው ቁጥር የሚሆናት ጠፋ። ጫማ ሰፊው ቤት ድረስ መጥቶ እግሯን ወረቀት ላይ አሳርፎ በእርሳስ ዞረው። ወረቀት ሲፈለግ እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ከዚያው ከተረፈው መጠይቅ፣ ጀርባው ላይ። ሁለቱ እግሮች አይመሳሰሉም፤ ለየብቻ ሁለት ወረቀት ፈጀ።

በዓመቱ፣ 2010 መጨረሻ ላይ፣ መጠይቁን ደገምኩት። ያኔ ወደ ገበያ ትወጣ ነበር። ሁለት ጊዜ ማኅበር ሄዳለች፣ በር አጠገብ ተቀምጣ። ድምሩ 4 ወይም 3 ይሆናል ብዬ ጓጉቼ ደመርኩ።

12 መጣ።

እንደገና ደመርኩ። 12። ከ11 እስከ 20 «በጣም ከፍተኛ ተፅዕኖ» ነው። ሕመሙ ወርዷል፣ 1። ልብሱም ሥራውም 1 1። ኀፍረት ግን ከ1 ወደ 3 ወጣ፤ ገበያ መሐል ልጆች ጫማዋን እየጠቆሙ ይስቃሉ። ቤት ውስጥ ስትኖር ማን ያሳፍራታል? ገበያው ከዜሮ 2፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ከሰው ጋር መዋል ከዜሮ 2፣ በር አጠገብ መቀመጡ ደስ አይልም። ሕክምናውም 2፣ በየቀኑ ውሃ መቅዳት አለ፣ ሳሙናው ያልቃል። በወረቀቱ ከሄድን እታለም ብሶባታል። ለመኖር ስለወጣች ኑሮ ጎዳት። ጥናት ውስጥ ቢሆን ኖሮ «ሕክምናው አልሠራም» የሚል አንድ መስመር ትሆን ነበር።

በኋላ ስለዚህ ነገር አገላብጬ ሳነብ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊዮናርድ ዴሮጋቲስ ከሕመም ጋር መላመድን ለመለካት ያዘጋጀውን መጠይቅ አገኘሁ። 46 ጥያቄ አለው፣ በ7 ዘርፍ፤ ከሕክምና ጀምሮ እስከ ሥራ፣ ቤት፣ አልጋ፣ ዘመድ፣ ከሰው ጋር መዋልና ጭንቀት። የቤቱን ሰው ለብቻ፣ ዘመድ አዝማዱን ለብቻ ይጠይቃል፤ ጎጃም ላይ ያንን መስመር የት እንደማሰምረው ግራ ይገባኛል። እታለም ቤት የሚያድገው የባሏ ወንድም ልጅ የትኛው ነው? ግን አንድ ነገሩን ወደድኩለት። ከሰው ጋር ስለ መዋል ሲጠይቅ ፍላጎቱንና መሄዱን ይለያል። ድሮ የሚያስደስትህ ነገር አሁንም ያምርሃል ወይ? አንድ ጥያቄ። ታደርገዋለህ ወይ? ሌላ ጥያቄ። እታለም ላይ ይሄ ቢቀርብ ኖሮ ያኔውኑ ይያዝ ነበር። ያምራታል፤ ጠላውን እንደሷ የሚጠምቅ የለም። አትሄድም።

ስለዚህ «ወረቀት ምን ይሠራል» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሳሙናውም ባንዴጁም የሚመጣው አንድ ቦታ ቁጥር ስለተጻፈ ነው። ደግሞ አንዳንድ ሰው ጋ ወረቀቱ ራሱ በር ይከፍታል። አንዲት ሴት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ስለ ተስፋ መቁረጥ የሚለውን ጥያቄ ሳነብላት «ይሄን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሁሉም የሚያየው እግሬን ነው» ብላ መሶቡን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። የቀረውን ሳልጠይቅ ነገረችኝ። ብእሬን አስቀምጬ ሰማኋት። ያን ቀን አንድ ወረቀት ብቻ አስረከብኩ፤ ክፍያውም የአንድ ወረቀት ነበር።

ለእታለም ያን 12 አልነገርኳትም። «ስንት አመጣሁ?» ብላኝ ነበር፣ እንደ ፈተና። «አልፈሻል» አልኳት። ዋሸሁ ወይስ አልዋሸሁም እስካሁን አልወሰንኩም።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ደወለች። በሚመጣው 21 ተረኛዋ እሷ ናት፣ ጽዋው በራሷ ቤት ነው። ከደብረ ማርቆስ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ሰፊ፣ ላስቲኩ የማያጠብቅ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ነጭ ይሁን ጥቁር ብዬ ጠየቅኳት።

«ጥቁር፤ ነጩ ቀዩን አፈር ያሳብቃል» አለች። «ደግሞ ያንን ወረቀትህን እንዳታመጣ፤ እንግዳ አለብኝ።»